ጠበቃ የሌላት እናት በመካነ ሰላም ችሎት

በድሮው የአገራችን ሙግት ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለራሱ ይቆም ነበር። ነገር ያለው ሰው ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ከዳኛው ፊት «በላ ልበልሃ» ብሎ ይጀምራል። ተጠያቂው ይመልሳል፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጣል። ነገር ዐዋቂ የተባለ ሰው በአገሩ ይከበራል፤ ይፈራልም። እኛ ሕግ የተማርነው እንኳ ስንቀልድ «ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ጠበቃ ሆኖ ነው፤ የእኛ ልዩነት ፈቃድ ማውጣታችን ብቻ ነው» እንባባላለን።

ቀልዱ ግን አንድ ነገር ይዘላል። ያ አደባባይ አንደበት ያለው ወንድ አደባባይ ነበር። ሴት ነገር ሲኖራት በአብዛኛው ባሏ፣ አባቷ ወይም ወንድሟ ይቆምላት ነበር። ሙግቱ ከባሏ ጋር ሲሆንስ? የሙግቱ ፍሬ ነገር ደግሞ ልጅ ሲሆንስ?

ጥያቄውን ወደ አንድ ቦታ ላውርደው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ፣ ከደሴ በመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከእሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በዙሪያዋ ወግዲ፣ ከላላ፣ ሳይንትና ለጋምቦ አሉ። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ የቤተሰብ ክርክር ሲባል የሚታየው ልደታ፣ የተጨናነቀ ኮሪደርና በስልክ ተፈልጎ የሚገኝ ጠበቃ ነው። የአገሪቱ አብዛኛው ሰው ግን የሚፋታውም፣ ስለ ልጁ የሚከራከረውም እንደ መካነ ሰላም ባለ የወረዳ ከተማ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ሕጋችን ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መጠየቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢሆን ይሻላል።

አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ከአንድ መዝገብ ላይ ያገኘኋት ሰውም አይደለችም። በየወረዳው ችሎት የምትታይ ዓይነት ሴት ናት። የዘጠኝ ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሏት። ባሏ ሌላ ትዳር ይዟል። ሽማግሌ ተቀምጦ «ወንዱ ለአባቱ፣ ሴቷ ለእናቷ» ብሎ ፈርዷል። እሷ ወንድምና እህት አይለያዩም ብላ አልተቀበለችም። እናም ከቀበሌዋ በእግሯ ወጥታ ወደ ከተማ ትመጣለች። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ታገኛለች። ብሯን ትከፍላለች፤ ታሪኳን ትነግረዋለች፤ እሱም ይጽፋል።

ራፖር ጸሐፊውን ለመኮነን አልተነሳሁም። እሱ ባይኖር ብዙ ሰው መዝገብ እንኳ ባልከፈተ ነበር። ነገር ግን የሚጽፈው የሚነገረውን ነው፤ የምትነግረውም የሚያማትን ነው። ባሏ እንደሰደባት፣ እንደ ደበደባት፣ ሌላ ሴት እንዳገባ፣ በሬ ሸጦ ገንዘቡን እንደ ደበቀ ትናገራለች። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ በሬው ያለው ለንብረት ክፍፍሉ ይጠቅማታል፤ ድብደባውም ልጆቹ ሲያዩት ወይም ሲደርስባቸው ከነበረ ለልጆቹ ጥያቄም ዋና ነገር ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ የባልየው ጥፋት ይዘረዘርና መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትገባለች፤ «ልጆቼም እንዲሰጡኝ ይወሰንልኝ»። ክሱ ይኸው ነው።

በዚያ ክስ ውስጥ የሌለውን ልብ እንበል። ልጆቹ እስካሁን ከማን ጋር እንደኖሩ የለም። ማን ትምህርት ቤት እንዳስመዘገባቸው፣ ማን ጤና ጣቢያ እንደወሰዳቸው የለም። በወር ስንት ብር ቀለብ ያስፈልጋል ብሎ የሚቆጥር ነገር የለም። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ የት ይቆዩ የሚል ጥያቄ የለም። አባትየው በምን ቀን፣ የት ሆኖ ልጆቹን እንደሚጠይቅ የቀረበ ሐሳብ የለም። የምስክሮች ዝርዝር አለ፤ ምስክሮቹ ግን የተጠሩት ስለ ድብደባውና ስለ በሬው ሊናገሩ ነው። ልጆቹ በገዛ ጉዳያቸው ላይ እንግዳ ናቸው።

በበኩሌ ያለ ጠበቃ በሚደረግ የልጅ ክርክር ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰው የሚፈራው አንቀጽ አለማወቁን ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ባለጉዳዩ የተጠየቀውን ጥያቄ ትቶ ሌላ ጥያቄ መመለሱ ነው። ፍርድ ቤቱ መወሰን ያለበት ከሁለቱ ማን በደለ የሚለውን አይደለም፤ እነዚህ ሁለት ልጆች ከማን ጋር ቢኖሩ ይበጃቸዋል የሚለውን ነው። ልጅ ለተበደለ ሰው የሚከፈል ካሣ አይደለም። ይህን ለሰው በቤቱ ብትነግረው ይገባዋል፤ ችሎት ፊት ሲቆም ግን ይረሳዋል። ጠበቃ አንዱ ጥቅሙ ይህን ማስታወሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሁሉም ጠበቃ አያስታውሰውም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ያሉ ልጆች ከእናታቸው ጋር ይቆዩ ይል ነበር። ያን ጊዜ የፍቺ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽምግልና ጉባኤ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም በጋብቻው ላይ ምስክር የነበሩት ሰዎች ነበሩ ሽማግሌዎቹ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ፤ በአብዛኛው የፌዴራሉን መንገድ የተከተለ ነው። የአምስት ዓመቱ ደንብ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ በሰዉ አእምሮ ውስጥ አሁንም አለ። ስለዚህ የእኛዋ እናት «የአራት ዓመቷ ልጄ ያለ ጥርጥር የእኔ ናት» ብላ ስለ እሷ ምንም ማስረጃ ሳታቀርብ ብትቀር አይፈረድባትም።

የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 113 ዳኛው ሊመለከታቸው የሚገቡትን ነገሮች ሲቆጥር የባልና የሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያነሳል። ቅደም ተከተሉን አንባቢ ይይልኝ። ገቢ ቀድሞ ተጠቅሷል፤ የልጆቹ ጥቅም ከኋላ ነው። ቅደም ተከተል የክብደት ደረጃ አይደለም ብለን እኛ ተምረናል። ግን ይህን ለማያውቅ ሰው፣ አንዳንዴም ለቸኮለ ዳኛ፣ ዝርዝሩ እንደ ደረጃ ይነበባል።

አሁን እናትየው ችሎት ፊት ቆማ ዳኛው «ገቢሽ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋታል እንበል። ምን ትላለች? «ምንም የለኝም ጌታዬ፤ ድሃ ነኝ፤ ከእናቴ ቤት ተጠግቼ ነው ያለሁት» ትላለች። በባህላችን ከባለሥልጣን ፊት የቆመ ችግረኛ ችግሩን አይደብቅም፤ ያሳያል፤ ርኅራኄ የሚገኘው በዚያ ነውና። እሷም የምታውቀውን ቋንቋ ነው የተናገረችው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን «ከሳሽ ገቢ የላቸውም፤ የራሳቸው መኖሪያም የላቸውም» የሚል ነው። በሌላው ወገን አባትየው መሬት እንደሚያርስ፣ ከብት እንዳለው፣ የቆርቆሮ ቤት እንዳለው ይናገራል። በገዛ አንደበቷ ተሸነፈች ማለት ነው።

አንድ መካከለኛ ችሎታ ያለው ጠበቃ ቢኖራት ኖሮ ለዚህ መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንደኛ፣ የገቢ ጉድለት ልጅ የሚያስነጥቅ ጉዳይ አይደለም፤ ገቢ ያለው ወላጅ ቀለብ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድዳልና። አባትየው ሀብታም መሆኑ የሚያረጋግጠው ቀለብ መክፈል መቻሉን ነው። ሁለተኛ፣ አባትየው «የእኔ» የሚለው መሬትና ቤት የጋራ ከሆነ ግማሹ የእሷ ነው፤ ስለዚህ ድሃ የሆነችው ድርሻዋን ስላልተቀበለች ነው። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በአንድ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ አብረው መመዝገባቸው የተለመደ ነውና ደብተሩን ማቅረብ ብቻ ይበቃ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገርና አንድ ደብተር! እነዚህን የሚነግራት ሰው ባለመኖሩ አንድ ልጅ ቤት ይቀይራል።

አባቶችም እንዲሁ ይጎዳሉ፤ ይህን ካልጨመርኩ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። ሚስቱ ከተማ ገብታ ጠበቃ የያዘችበት የወግዲ ገበሬም አለ። ችሎት ቀርቦ «ልጁ ዘሬ ነው፤ የአባቴን ቤት የሚጠብቅልኝ እሱ ነው» ይላል። ይህ ለዳኛው ስለ አባትየው ይነግረዋል እንጂ ስለ ልጁ ምንም አይነግረውም። ያው ሰውዬ ግን ልጁን ላለፉት ሁለት ዓመታት ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ ወባ ሲይዘው በትከሻው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ነው ብሎ ስላላሰበው አልተናገረውም። ወንድ ልጅ ስለ እንክብካቤ ቆሞ መናገር ያፍራል መሰለኝ።

ታዲያ ጠበቃ አይያዝም ወይ? ጠበቃ መያዝ ብር ይጠይቃል፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ ጠበቆች የሚበዙት በትልልቅ ከተሞች ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በአካባቢው ያለውን ጠበቃ ባልየው ቀድሞ ካነጋገረው ለሚስትየው ሊቆም አይችልም። መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቆማል የሚለው ለወንጀል ተከሳሽ ነው። ሰው በመግደል የተከሰሰ ሰው ተከላካይ ጠበቃ ያገኛል፤ ተገቢም ነው። ልጇን ልታጣ የምትችል እናት ግን ጉዳይዋ ፍትሐ ብሔር ነውና በዚህ አንቀጽ ሥር አትገባም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ድሃ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል ክስ የሚመሠርትበትን ደንብ አስቀምጧል፤ ክፍያው ይቀርላታል፤ የሚናገርላት ሰው ግን አይጨመርላትም።

በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ አሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል፤ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከወተወቱት ግንባር ቀደሙም እሱ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የውጭ ገንዘብ ሲከለክለው አቅሙ ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል፤ የተዘጋ ቢሮ ግን አዋጅ በተሻረ ማግሥት አይከፈትም። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የፌዴራል ጠበቆች በ1992ቱ የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ግዴታ ተጥሎባቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የተሞሉ 50 ሰዓታት ግን ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ አይመጡም።

ዳኛው ማን ነው?

ጠበቃ በአንድ ጀንበር አይበቅልም። እስኪበቅል ድረስ ልጆቹ ያድጋሉ። ስለዚህ እኔ ዓይኔን የማሳርፈው በችሎቱ ውስጥ ሁልጊዜ በሚገኘው የሕግ ባለሙያ ላይ ነው፤ በዳኛው ላይ።

በአማርኛችን የኳሱም የፍርድ ቤቱም ሰው «ዳኛ» ይባላል። ብዙ ዳኞቻችን ደግሞ በፍትሐ ብሔር ክርክር ራሳቸውን እንደ ኳሱ ዳኛ ያያሉ፤ ፊሽካ ይዘው ይቆማሉ፤ ያልተጠየቀ አይሰጡም፤ ያልቀረበ ማስረጃ አይፈልጉም። ለብድርና ለውል ክርክር ይህ ደግ ነው። ገንዘቡ የተከራካሪዎቹ ነው፤ ካልተጠነቀቁለት ኪሳራው የራሳቸው ነው። በልጅ ጉዳይ ግን የሚጎዳው ሰው ተከራካሪ አይደለም። የአራት ዓመቷ ልጅ ክስ አልጻፈችም፤ ምስክር አልቆጠረችም፤ እናቷ ዓረፍተ ነገር ስለሳተች ለምን ዋጋ ትከፍላለች?

ይህ የእኔ የግል ፍልስፍና አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1984 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ፍርድ ቤቶች ጭምር የልጁን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይህን በተግባር አሳይቷል። ጉዳዩ ከደቡብ ክልል የመጣ ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድገው ቆይታ፣ አባት ኋላ ላይ መጥቶ «በሕግ አሳዳሪው እኔ ነኝ» ይላል። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉን ከፍተው አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ አሳዳሪ ይሆናል የሚለውን አነበቡና ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን የቤተሰብ ሕጉ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱና ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት፤ ለልጁ የሚበጀው ከሁሉ ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ፣ መካነ ሰላምም ላይ ይሠራል።

ይህ መዝገብ ለደቡብ ወሎ በተለይ ይጠቅማል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዞኑ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት እናቶች ብዙ ናቸው። ልጅ ከአያት ጋር ይቀራል፤ እናት ከጂዳ ወይም ከቤይሩት ገንዘብ ትልካለች፤ ከዓመታት በኋላ አባት «ልጄን» ብሎ ይመጣል። አያት በምን ቋንቋ ትከራከር? «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ከማለት በቀር ምን አላት? በዚህ የሰበር ውሳኔ መሠረት ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር የክርክሩ ዋና ነገር ልትሆን ትችላለች። አያት ይህን አታውቅም። ዳኛው ማወቅ አለበት። እናትየውም ከውጭ አገር ሆና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና መላክ ትችላለች፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ እንደ አባት፣ እናትና ወንድም ያለ የቅርብ ዘመድ የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖረው በውክልና ቀርቦ እንዲከራከር ይፈቅዳልና።

«ዳኛው አንዱን ወገን ከረዳ ገለልተኛነቱ የት አለ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ተከራክሬያለሁ፤ ሁልጊዜም አላሳመንኳቸውም። መልሴ አጭር ነው። ዳኛው እናትየውን አይርዳ፤ አባትየውንም አይርዳ፤ ይጠይቅ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ በሚሰማበት የመጀመሪያ ቀን ተከራካሪዎችን በቃል መርምሮ ጭብጥ እንዲይዝ፣ ምስክሮችን በማንኛውም ጊዜ እንዲጠይቅ፣ ለትክክለኛ ውሳኔ የሚያስፈልግ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ሥልጣን ሰጥቶታል። ሕጉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ ሥልጣን እየለመንን አይደለም። ልጆቹ ትናንት ማታ የት አደሩ? ጠዋት ማን ቁርስ አበላቸው? ትምህርት ቤቱ ከየትኛው ቤት ይቀርባል? እንጀራ እናት ወይም እንጀራ አባት አለ ወይ? ሲታመሙ ማን ወሰዳቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ለሁለቱም እኩል ቢቀርቡ ማን ይጎዳል?

ሌላው ዓለምም በዚሁ ተፈትኗል። እንግሊዞች ከአውሮፓ አቆጣጠር 2013 ጀምሮ በወላጆች መካከል ለሚደረግ የልጅ ክርክር ይሰጡት የነበረውን የመንግሥት የሕግ ድጋፍ በአብዛኛው አቋረጡ። ያለ ጠበቃ ችሎት የሚቆመው ወላጅ ቁጥር አሻቀበ፤ ዳኞቹም ጠያቂም አስረጂም ለመሆን ተገደዱ። አሜሪካኖች በ2011 ቀለብ ባለመክፈሉ ሊታሰር በነበረ አባት ጉዳይ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መንግሥት ሁልጊዜ ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም አለ። ነገር ግን ጠበቃ ከሌለ ቢያንስ ዋናው ጭብጥ ምን እንደሆነ ለሰውየው ይነገረው፤ ገቢውን የሚሞላበት ቅጽ ይሰጠው፤ የመናገር ዕድል ያግኝ፤ ፍርድ ቤቱም በነጥቡ ላይ በግልጽ ይወስን አለ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ከሁሉም ራቅ ብሎ ሄዷል፤ ልጁን በሚነካ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያለ ጠበቃ ከባድ የፍትሕ መጓደል የሚደርስ ከሆነ ለልጁ ለራሱ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆም ይላል። የደቡብ አፍሪካው ለእኛ ዛሬ ሕልም ነው። የአሜሪካው ቅጽ ግን አንድ ወረቀት ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አንድ ወረቀት ማባዛት አያቅተውም።

ቅጹ ላይ ምን ይጻፍ? ከላይ የዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች። የልጁ ስምና ዕድሜ፣ እስካሁን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤንነቱ፣ የወር ወጪው፣ ሌላኛው ወላጅ የሚጠይቅበት ቀን። ራፖር ጸሐፊውም ይህን ቅጽ ይዞ ቢጠይቅ ሥራው ይቀልለታል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹና መምህራኑ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ቅጽ ቢያስሞሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ሽማግሌንና ሸሪዓ ፍርድ ቤትን ሳላነሳ ባልፍ የወሎ ሰው ይታዘበኛል። በሁለቱም ዘንድ ብዙ ጉዳይ ያልቃል፤ ጠበቃም አይጠይቅም፤ ደጅ ጥናቱም ያንሳል። ሕገ መንግሥቱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ግን ሁለቱም ሲስማሙ ነው። እናት «ዝም ብላለች» ማለት ተስማምታለች ማለት አይደለም። በስምምነት ፍቺም ቢሆን ፍርድ ቤቱ የስምምነቱን ወረቀት ማኅተም መትቶ የሚመልስ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ስለ ልጆቹ የተጻፈው ነገር ደኅንነታቸውን የማይጠብቅ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ስለ ልጆቹ ራሱ መወሰን ይችላል። «መሬቱን ልተውልህ፤ ልጆቹን ተውልኝ» ተባብለው የፈረሙ ባልና ሚስት ፊቱ ሲቀርቡ ዳኛው ቆም ብሎ ቢያስብ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። መሬቱን የለቀቀች እናት ልጆቹን በምን ታበላለች?

ለሚቆም ሰው

ይህን ጽሑፍ መካነ ሰላም ያለችው እናት እንደማታነበው አውቃለሁ። የሚያነበው ወንድሟ፣ የአክስቷ ልጅ፣ በባንክ ወይም በትምህርት ቤት የሚሠራ የአገሯ ልጅ ነው። ስለዚህ ለእሱ ልንገር፤ ገጠር ያለች እህትህ ነገ ስልክ ደውላ «ምን ላድርግ?» ብትልህ የምትላትን።

ስለ ባሏ ያለውን ሦስት ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ አሳጥሪው በላት፤ ልጆቹን የነካውን በደል ግን እንዳታወጣው። የቀረው ቦታ ስለ ልጆቹ ይሁን። የክትባት ካርድ ካለ ታቅርብ፤ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ታቅርብ፤ የወላጅ ፊርማ ያለበት ከሆነ ደግሞ ወርቅ ነው። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙ የገጠር ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት የለውም፤ የክርስትና ወረቀት ወይም የጤና ጣቢያ መዝገብ ዕድሜን ለማስረዳት ያግዛል። ምስክር ስትቆጥር ዘመድ ብቻ አትቁጠር። መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የሁለቱም ጎረቤት የሆነ ሰው ከአሥር ዘመድ ይበልጣሉ። ክሱ ሲቀርብ በዚያው ቀን፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ከእሷ ጋር እንዲቆዩና ጊዜያዊ ቀለብ እንዲቆረጥላት ትጠይቅ። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ የፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቱ በዚህ ላይ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክርክር ወራት ሲፈጅ ልጅ የቆየበት ቤት ራሱ ማስረጃ እየሆነ ይሄዳልና።

«ገቢሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ድሃ ነኝ» ብቻ ብላ አትቁም። «ልጆቹን እስካሁን ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ፤ ከንብረቱ ድርሻዬ ይህን ያህል ነው፤ አባታቸው ይህን ያህል ቀለብ መክፈል ይችላል» ትበል። አባትየው ልጆቹን እንዳያይ ልከልክል አትበል፤ የሚያይበትን ቀን ራሷ ሐሳብ ታቅርብ። ዳኛ ልጆቹን ከሌላኛው ወላጅ የማይነጥቅን ሰው ያምናል። ይህን የምለው ስለ ስልት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹም አባታቸውን የማወቅ መብት አላቸው። ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ስጋቱን በማስረጃ አስደግፋ ትናገር፤ ጉብኝቱ ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ትጠይቅ።

ቀጠሮ አትለፍ። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ባሳለፈው የትጥቅ ግጭት መንገድ የተዘጋበት፣ ሰው ከቀበሌው መውጣት የፈራበት ቀን ጥቂት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መዝገቡ ከተዘጋ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት እንደነበራት አስረድታ እንዲከፈትላት ማመልከት ትችላለች። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «አለቀ» ብሎ ይቀመጣል።

ብትሸነፍ ይግባኙ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ። የፍርዱን ግልባጭ በዕለቱ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ያለ እሱ ይግባኝ አይጻፍም። ዳኛው ልጆቹን በተመለከተ ምን ምክንያት እንደሰጠ ግልባጩ ላይ ይፈለግ። ስለ ልጆቹ ጥቅም አንድም ነገር ሳይል «ገቢ ስለሌላቸው» ብሎ ያለፈ ከሆነ፣ የመዝገብ ቁጥር 23632 የሰበር ውሳኔ በይግባኙ ማመልከቻ ላይ ይጠቀስ። ይግባኙም ባይሳካ የልጅ ጉዳይ እንደ ዕዳ ክርክር ለዘለዓለም የሚዘጋ አይደለም። ሁኔታው ሲለወጥ፣ አባትየው ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ለእረኝነት ካሰማራው፣ ወይም የእሷ ኑሮ ከተስተካከለ፣ ወደዚያው ወረዳ ፍርድ ቤት ተመልሳ ውሳኔው እንደገና እንዲታይላት መጠየቅ ትችላለች።